የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር ቤት ውስጥ ኦቨርሆል ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዤ የገባ ሰው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የተበታተነውን ብረት አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ይሄ ነገር ተመልሶ ይበራል?" ብሎ ነው። ይበራል። ከዛ ስለ ኦቨርሆል (ሞተርን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ መርምሮ፣ መልሶ መግጠም) የሚመጡት ጥያቄዎች ደሞ ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለያዩ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። የማወራው በዋናነት ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል የሚባሉት የአሜሪካ አምራቾች ስለሚሰሯቸው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች ነው፣ ኦ-320፣ ኦ-360፣ ኦ-200 ስለሚባሉት፣ እጄ የለመደው እነሱን ስለሆነ። ቁጥር ስጠቅስ የናንተን ማኑዋል የሚተካ እንዳይመስላችሁ፣ እኔና ማኑዋሉ ካልተስማማን ልክ የሆነው ማኑዋሉ ነው።

እውነት ግን ቤት ውስጥ የሚሰራ ነገር ነው?

አዎ። እንደውም ብዙ ነገሩ ከዘመኑ መኪና ሞተር ይቀላል፣ ራዲያተር የለው፣ የታይሚንግ ቺንጋ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ኦ-320 ማለት 5.2 ሊትር ገደማ፣ 4 ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 150 ወይም 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው፣ ፕሮፔለሩም ቀጥታ ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ መዞር የሚቀይረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ነው የሚታሰረው፣ መሀል ላይ ካምቢዮ ምናምን የለም። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የበረሩበትን ሞተር መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር ዴይተን ያለው ብስክሌት ቤታቸው ውስጥ በቶርኖ፣ በድሪል ፕሬስና በእጅ መሳሪያ በ6 ሳምንት ነው የሰራው፣ ያውም ከዜሮ ተነስቶ።

"ቤት ውስጥ" ስል ግን ሁሉም ነገር ቤት ውስጥ ማለቴ አይደለም። መፍታቱ፣ ማጠቡ፣ መለካቱና መግጠሙ ቤት ነው። የስንጥቅ ምርመራ፣ ክራንክሻፍት መፍጨት፣ የሲሊንደር ስራ ደሞ ፈቃድ ወዳለው ወርክሾፕ በሳጥን ታሽጎ ይሄዳል። ሰው ስራው መፍታትና መግጠም ይመስለዋል፣ እሱ በጣም ትንሹ ነው፣ ዋናው ስራ መለካትና የሚያምር የሚያብረቀርቅ ብረት ይዞ "ይሄ አይሆንም" ብሎ ማስቀመጥ ነው።

ህጉስ ይፈቅዳል?

እንደ አገሩ ነው፣ አንድ ብሎን ከመንካታችሁ በፊት የአገራችሁን የሲቪል አቪዬሽን መስሪያ ቤት ጠይቁ። ሞተሮቹ የተሰሩበት አሜሪካ ለምሳሌ ሁለት መንገድ አለ። አውሮፕላኑ አማተር የሰራው ኤክስፐሪሜንታል ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ሞተሩን መበተን ይችላል፣ በየአመቱ ግን ወይ ፈቃድ ያለው መካኒክ ወይ የሪፔርማን ሰርተፊኬት ያለው ሰሪው ራሱ መርምሮ መፈረም አለበት። ሰርቲፋይድ (ፋብሪካ የሰራው፣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው) አውሮፕላን ከሆነ ደሞ ባለቤቱ መስራት የሚችለው ፈቃድ ባለው መካኒክ ስር ሆኖ ነው፣ መካኒኩ ስራውን በአይኑ እያየ፣ ሲጠየቅም እዛው እያለ፣ መጨረሻ ላይ ፊርማው የሱ ነው። ስለዚ መካኒኩን ቀድማችሁ ተዋወቁት፣ ሞተሩን ዘግታችሁ "ፈርምልኝ" ብትሉት ማንም አይፈርምላችሁም፣ እኔም ብሆን አልፈርምም።

ኦቨርሆል፣ ሪቢልት፣ ቶፕ ኦቨርሆል፣ ዜሮ ሰአት... ልዩነቱ ምንድነው?

ሻጮች ሆን ብለው ያምታቱታል። ቶፕ ኦቨርሆል ማለት ሲሊንደሮቹ ብቻ ወርደው ተሰርተው ተመለሱ ማለት ነው፣ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) አልተነኩም። ኦቨርሆል ማለት ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ የተበላሸው ተጠግኖ ወይም ተቀይሮ፣ ተገጥሞ፣ ተፈትኗል ማለት ነው። ሪቢልት ደሞ ልኬቱ በሙሉ እንደ አዲስ ሞተር ልኬት ሆኖ ሲወጣ ነው፣ በአሜሪካ ህግ የድሮውን ሰአት ፍቀው "ዜሮ" ብለው አዲስ ሎግቡክ (የሞተሩ ታሪክ የሚጻፍበት መዝገብ) መክፈት የሚችሉት አምራቹ ወይም አምራቹ የፈቀደለት ብቻ ናቸው። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምንሰራው ኦቨርሆል ነው፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዜሮ ሰአት አይባልም፣ የሞተሩ ጠቅላላ ሰአት ይቀጥላል፣ "ከኦቨርሆል ወዲህ" የሚለው ብቻ ነው ከዜሮ የሚነሳው።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። የልኬት ሰንጠረዡ (የላይካሚንግ ኤስኤስፒ-1776 ይባላል) ሁለት አይነት ቁጥር አለው፣ አንዱ ለአዲስ እቃ፣ አንዱ "እስከዚህ ካለቀ አሁንም ይሰራል" የሚለው። ሁለቱም ህጋዊ ናቸው። ግን ሁሉንም እቃ ከሁለተኛው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ከገጠማችሁ 2000 ሰአት ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

2000 ሰአት ከሞላ መፍታት ግዴታ ነው?

ለብዙዎቹ ኦ-320 እና ኦ-360 ላይካሚንግ የሚመክረው 2000 ሰአት ወይም 12 አመት ነው፣ ከሁለቱ የቀደመው። ለግል በረራ በብዙ አገር ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ለንግድ ከሆነ ሌላ ነው። ሰአቱን ከምትቆጥሩ ሞተሩን ጠይቁት ባይ ነኝ፣ የዘይት ፊልተሩን ቀድዳችሁ እዩ፣ ብረት አለው ወይ፣ ዘይት መጠጣት ጀምሯል ወይ፣ ኮምፕሬሽኑስ?

የኮምፕሬሽን ፍተሻው 80 ፒኤስአይ አየር ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ ምን ያህሉ እንደሚቀር ማየት ነው፣ 74 በ80 ካለ ደስ ይላል። ከቁጥሩ ይልቅ ጆሮ ነው የሚነግራችሁ፣ አየሩ በጭስ መውጫ በኩል "ሽሽሽ" ካለ ጭስ ቫልቩ ነው፣ በካርቡሬተር በኩል ከሆነ መግቢያ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት)። ፕሮፔለሩን የሚይዝ ጠንካራ ሰው ይኑር፣ 80 ፒኤስአይ በዛ ስፋት ባለው ፒስተን ላይ ከ700 ኪሎ በላይ ግፊት ነው፣ ካመለጠ እጅ ይሰብራል።

ቆሞ የኖረ ሞተር ደሞ ብዙ ከሰራው የባሰ ሊሆን ይችላል። ላይካሚንግ ላይ ካምሻፍቱ ያለው ከክራንክሻፍቱ በላይ ነው፣ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ ኮፓ ውስጥ ይተኛል፣ ካምሻፍቱ ደረቁን ላይ ቀርቶ ይዝጋል። ከዛ ሲነሳ ያቺ ትንሽ ዝገት ሊፍተሩን (ካሙ ላይ ተቀምጦ ወደ ቫልቩ የሚገፋውን እቃ) መላጥ ትጀምራለች። "15 አመት ሀንጋር ውስጥ በንጽህና የተቀመጠ 400 ሰአት ብቻ የሰራ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እኔ የምሰማው "ካምሻፍት ትገዛላችሁ" የሚለውን ነው።

ምን ምን መሳሪያ ያስፈልገኛል?

መፍቻ ያላችሁ ይበቃል። ገንዘባችሁን መለኪያ ላይ አድርጉት፦ ጥሩ ማይክሮሜትር፣ ቦር ጌጅ (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ)፣ ዳያል ኢንዲኬተር (ባለ መርፌ መለኪያ)፣ ካሊብሬት የተደረገ ቶርክ ሬንች (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ መፍቻ፣ ሁለት፣ ትንሽና ትልቅ)። ከዛ የሲሊንደር ዳዶ የሚደርስ ጠማማ መፍቻ፣ የፋሻ ማጥበቂያ፣ የቫልቭ ስፕሪንግ መጫኛ፣ የማግኔቶ (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው እቃ) ታይሚንግ ማስተካከያ መብራት፣ የሴፍቲ ዋየር (ብሎን እንዳይላላ የሚታሰር ሽቦ) ፒንሳ። ሞተሩን በፍላንጁ (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት ክብ የክራንክሻፍቱ ጫፍ) አቁሞ የሚይዝ ስታንድ ከብረት ራሳችሁ በይዳችሁ መስራት ትችላላችሁ። ካሜራ ያለው ስልክና ብዙ ዚፕ ያለው ላስቲክ ከረጢትም መሳሪያ ነው፣ ከምንም በላይ።

ከየት ልጀምር?

ከወረቀቱ። የሞተሩን ፕሌት ላይ ያለውን ሙሉ ስምና ሴሪያል ቁጥር ጻፉ፣ "ኦ-320" ብቻ አይበቃም፣ ከኋላው ያሉት ፊደሎች ናቸው ሞተሩን የሚለዩት። ለምሳሌ ኦ-320-ኤች2ኤዲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሴስና 172 አውሮፕላን ላይ የገባው የካምና የሊፍተር ችግሩ የታወቀ ነው፣ የሌላው ኦ-320 ብዙ እቃም አይገጥመውም። በዛ ስምና ቁጥር የወጡትን የአየር ብቃት ትእዛዞች (ኤዲ የሚባሉትን) እና የአምራቹን ሰርቪስ ቡለቲኖች በሙሉ አውጥታችሁ በዝርዝር አስቀምጡ፣ ከዛ ሎግቡኩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ።

ሎግቡኩን ደሞ አትመኑት። አንዱን ሞተር ስገዛ ሰውዬው ፕሮፔለሩ ምንም ነክቶ አያውቅም ብሎ ምሎልኛል፣ ሎግቡኩም ላይ ምንም የለም። ቤት ወስጄ ገና ምንም ሳልፈታ ዳያል ኢንዲኬተሩን ፍላንጁ ላይ አስደግፌ ክራንክሻፍቱን በእጄ ሳዞረው መርፌዋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ጠማማ ነው። ዞር ብዬ ሳየው ፍላንጁ ላይ ያለው ቀለም ከሌላው አዲስ ነው፣ ያኔ ነበር ማየት የነበረብኝ። ሞተሩን ሳትገዙ በፊት ይሄን ፍተሻ አድርጉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ላይካሚንግ ፕሮፔለሩ ምንም ነገር ከመታ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ጊር የያዘው ብሎንና ዳወል ፒን እንዲመረመር ትእዛዝ ያለበት ሞተር ነው (ኤዲ 2004-10-14)፣ ያ ብሎን ከተበጠሰ ካምሻፍቱም ማግኔቶውም የዘይት ፓምፑም አንድ ላይ ይቆማሉ።

የግድ የሚቀየረው የቱ ነው?

ላይካሚንግ ሰርቪስ ቡለቲን 240 የሚባል ዝርዝር አለው፣ አትከራከሩት፣ በዝርዝሩ ያለ እቃ ሲለካ አዲስ ቢመስልም ይቀየራል፦ ጓርኒሲዮኖች፣ ሲሎች፣ ፋሻዎች፣ የክራንክሻፍትና የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ቤሪንጎች፣ የቢየላ ብሎንና ዳዶ፣ ጭስ ቫልቭ፣ ሰርክሊፕ፣ የሎክ ፕሌት አይነት ነገር። የድሮዎቹን የዘይት ፓምፕ ጊሮችም እዩ፣ የተወሰኑ አይነቶች እንዲወጡ ትእዛዝ አለባቸው። የላይካሚንግ ጭስ ቫልቭ ደሞ ውስጡ ሶዲየም ስላለው ያወጣችሁትን አትቁረጡት፣ አትቀጥቅጡት፣ ሶዲየም ውሀ ካገኘ ይፈነዳል።

በምን ልጠበው?

አሉሚኒየም መሆኑን አትርሱ፣ ኮስቲክ ሶዳ የነካ ነገር አሉሚኒየም ይበላል። ሶልቨንት፣ ብሩሽ፣ ትእግስት። ግላስ ቢድ ወይም አሸዋ የምትነፉ ከሆነ በዘይት ቀዳዳ አጠገብ እንዳታስቡት፣ አንዷ ፍሬ መስመር ውስጥ ተደብቃ ቀርታ ሞተሩ ሲሞቅ ነው የምትወጣው፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ቤሪንግ። የዘይት መስመሮቹን መዝጊያ ፕለጎች በሙሉ አውጥታችሁ ረጅም ብሩሽ አስገቡ፣ የሚወጣውን ጥቁር ነገር ስታዩ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል።

ስንጥቅ በአይን ይታያል?

አብዛኛው አይታይም። ብረት የሆነው (ክራንክሻፍት፣ ካምሻፍት፣ ቢየላ፣ ጊር) በማግኔትና በሚያበራ ብናኝ ነው የሚታየው፣ መካኒኮች ማግናፍለክስ የሚሉት። አሉሚኒየም የሆነው በቀለም፣ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ከዛ ተመልሶ ይወጣል። ይሄን ላኩት፣ ቤት አትሞክሩት። ሲመለስ ከእቃው ጋር ወረቀት ይዞ መመለስ አለበት፣ አሜሪካ ከሆነ 8130-3፣ አውሮፓ ከሆነ ፎርም 1። ወረቀት የሌለው ክራንክሻፍት ጥሩ የበር ማስደገፊያ ነው።

ክራንክሻፍቱን እንዴት ነው የምለካው?

እዚ ላይ ቀስ በሉ። መለኪያውና ብረቱ አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት አብረው ይደሩ፣ ሙቀታቸው እኩል ይሁን፣ የምንፈልገው ልዩነት የኢንች አንድ ሺኛ ነው፣ ማለትም 25 ማይክሮን፣ የሰው ጸጉር ከዛ ሁለት ሶስት እጥፍ ይወፍራል። ክራንክሻፍቱን በፀሀይ ካስቀመጣችሁት መለኪያው ይዋሻችኋል። ማይክሮሜትሩን መጀመሪያ በስታንዳርዱ (ልኩ በታወቀው ማመሳከሪያ ብረት) ፈትሹ፣ ከዛ እያንዳንዱን ጆርናል (ቤሪንግ ውስጥ የሚዞረውን ክብ ክፍል) በሁለት አቅጣጫ፣ በሁለት ሶስት ቦታ ለኩና ጻፉ። ጓደኛ ካለ እሱ ደሞ የናንተን ቁጥር ሳያይ ይለካ። እኔና ወንድሜ እንዲ ስናደርግ መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም የተለያየ ቁጥር አመጣን፣ እሱ ማይክሮሜትሩን እንደ ዳዶ ነበር የሚያጠብቀው፣ ከሶስተኛው ቀን በኋላ ነው የተገናኘነው።

ክራንክሻፍቱ ካለቀ ወይም ከተቧጨረ 0.003፣ 0.006 ወይም 0.010 ኢንች ተፈጭቶ የዛ ልክ ቤሪንግ ይገባለታል። ላዩ ናይትራይድ የተደረገ (በናይትሮጅን የጠነከረ) ስለሆነ ወደ 0.010 ሲወርድ ናይትራይዱ እንደገና መደረግ አለበት፣ ይሄን የማይነግራችሁ ወርክሾፕ ጋ አትሂዱ። የፊት ጫፉ ውስጡ ክፍት የሆነ ክራንክሻፍት ካላችሁ ውስጡንም እዩ፣ ዝገት እዛ ተደብቆ ስንጥቅ ስለሚወልድ ብዙዎቹ ላይ የሚደጋገም ምርመራ ታዝዟል (ኤዲ 98-02-08)።

ሲሊንደር አዲስ ልግዛ ወይስ የድሮውን ላሰራ?

እኔ አቅም ካለ አዲስ። ሲሊንደር ብረት በርሜሉ አሉሚኒየም ቴስታታው ውስጥ ተጠምዝዞ በሙቀት የተጨመቀ ነው፣ አሉሚኒየሙ በየበረራው ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይደክማል፣ ያ ድካም ደሞ በሆኒንግ (የሲሊንደሩን ውስጥ በድንጋይ መሳል) አይጠፋም። ታሪኩ የማይታወቅ ሲሊንደር አዲስ ቫልቭ ስለገባለት አዲስ አይሆንም።

የድሮውን ካሰራችሁ ክንፎቹ ላይ ያለውን ቀለም እዩ፣ ላይካሚንግ ላይ ብርቱካናማ ክሮም፣ ሰማያዊ ናይትራይድ፣ አረንጓዴ በ0.010 ኢንች የሰፋ፣ ቢጫ በ0.020 የሰፋ ማለት ነው፣ ምንም ከሌለው ስታንዳርድ ብረት። ይሄ ለጌጥ አይደለም፣ የፋሻውን አይነት የሚወስነው እሱ ነው። ክሮም ፋሻ ክሮም ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሁለቱም እኩል ጠንካራ ስለሆኑ አይላመዱም፣ ይበላላሉ። በርሜሉ ደሞ ከላይ ጠበብ ያለ ነው፣ ተበላሽቶ አይደለም፣ ላይኛው በኩል ይበልጥ ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ሲሰራ ቀጥ እንዲል ተብሎ ነው፣ በቀጥተኛ ሆን አስተካክላችሁ እንዳታበላሹት።

በክራንክኬዙ (የሞተሩ ቀፎ) ሁለት ግማሾች መሀል ጓርኒሲዮን የለም፣ ጠፍቶብኝ ነው?

አልጠፋባችሁም፣ የለውም። ጓርኒሲዮን ቢኖር ውፍረቱ የቤሪንጎቹን ክፍተት ያበላሸው ነበር። በምትኩ ቀጭን የሀር ክርና የማይደርቅ ማሸጊያ ነው የሚደረገው፣ አዎ የሀር ክር፣ የልብስ ስፌት እቃ መሸጫ የሚገኝ አይነት ነገር። ክሩ በየት እንደሚያልፍ ማኑዋሉ ላይ ስእል አለ፣ አንዱ አንዱ ላይ እንዳይደራረብ። ማሸጊያውን ስስ አድርጉ፣ "ትንሽ ልጨምርበት" ያላችሁት ሁሉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ወጥቶ የዘይት ወንፊቱን ይዘጋል። ሲሊኮን አትንኩ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ሊፍተሮቹን ቁጠሩ፣ 8 ናቸው። እኔ አንድ ማታ ስድስት ሰአት አልፎ ሁለቱን ግማሾች ገጥሜ ብሎኖቹን አጥብቄ ደስ ብሎኝ ሻይ ላፈላ ስዞር ዘይት የነካው ሳህን ላይ አንድ ሊፍተር ቁጭ ብሎ ያየኛል። ቅባቱ አንሶበታል ብዬ አውጥቼው ነበር፣ ረሳሁት። የብዙዎቹ ላይካሚንግ ሞተሮች ሊፍተር እንደ እንጉዳይ ጭንቅላቱ ሰፊ ስለሆነ ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይገባም፣ ስለዚ መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉንም ፈትቶ፣ ማሸጊያውን ጠርጎ፣ ክሩን ጥሎ እንደገና። ከዛ ወዲህ ከማታ ሁለት ሰአት በኋላ ምንም ነገር አልዘጋም። ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ ወይም ከተፈጨ ሊፍተሩም አዲስ ነው የሚሆነው፣ የካሙ አፍንጫዎችና የሊፍተሩ ፊት ላይ ደሞ ሞሊ ቅባት በደንብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ያለው መከላከያ እሱ ብቻ ነው።

ከተዘጋ በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ አዙሩት። እንደ ማር ከባድ ግን እኩል ሆኖ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ አታስገድዱት፣ ክፈቱት። የጊሮቹን ምልክትም እዚው እዩ፣ ማኑዋሉ ላይ እንዳለው መገጣጠማቸውን አረጋግጡ፣ ፎቶ አንሱት፣ መካኒኩ ይጠይቃችኋል።

ቶርክ ላይ ለምን እንዲ ትጨቀጭቃለህ?

ሲሊንደር በረራ ላይ ተነቅሎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ከቶርክ ስለሆነ። ቶርክ የምንለው ነገር በእውነት የምንፈልገው አይደለም፣ የምንፈልገው ብሎኑ መወጠሩን ነው፣ ቶርኩ ደሞ አብዛኛው በብሎኑ ጥርስና በዳዶው ስር ባለው ሰበቃ ይበላል። ስለዚ የብሎኑ ጥርስ በምን ዘይት እንደሚቀባ ማኑዋሉ የሚናገረው ነገር ከቁጥሩ እኩል ነው፣ ዳዶው ስር ቀለም ካለ ደሞ ቀለሙ ሲሳሳ ውጥረቱ ይጠፋል፣ እዛ ቦታ ቀለም አይቀባም። የላይካሚንግ ሲሊንደር ትልልቅ ዳዶዎች (ግማሽ ኢንች) መጨረሻቸው 50 ፉት ፓውንድ ነው፣ ትንንሾቹ (3/8) 25፣ ግን በአንዴ አይደለም፣ መጀመሪያ በግማሹ በተራቸው፣ ከዛ በሙሉው። አንዳንድ የቢየላ ብሎን ጭራሽ በቶርክ ሳይሆን ምን ያህል እንደረዘመ በማይክሮሜትር ነው የሚለካው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሲሊንደሮቹን የያዙት ረጃጅሞቹ ብሎኖች ሁለቱን የክራንክኬዝ ግማሾችም አብረው ነው የሚጨምቁት። ሲሊንደር አውርዳችሁ እነሱ ላልተው እያለ ክራንክሻፍቱን ብታዞሩት ቤሪንጉ ቦታውን ሊለቅ ይችላል፣ ዘይት ቀዳዳው ተዘጋ ማለት ነው። ማዞር የግድ ከሆነ በማስደገፊያ ፕሌት አጥብቃችሁ ነው።

ሀይድሮሊክ ሊፍተር ስለሆነ የቫልቭ ክፍተት አያስፈልገውም አይደል?

ያስፈልገዋል፣ ዘይቱ ከሊፍተሩ ውስጥ ወጥቶ በደረቁ ይለካል፣ ለብዙዎቹ የላይካሚንግ ሞተሮች ከ0.028 እስከ 0.080 ኢንች። የሚዞር ማስተካከያ ብሎን የለም፣ ካልገጠመ ሌላ ርዝመት ያለው ፑሽሮድ (ከሊፍተሩ ወደ ቫልቩ የሚገፋ ዘንግ) ነው የሚገባው።

ማግኔቶውንም እኔው ልፍታው?

ባትፈቱት ይሻላል፣ ላኩት። በየ500 ሰአቱ ምርመራ የሚፈልግ ነገር ነው፣ ትንሽ ነው ግን ተንኮለኛ ነው። መግጠሙና ታይሚንጉ (ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እሳቱ እንደሚፈነጥቅ) ግን የናንተ ነው፣ ብዙዎቹ ኦ-320 እና ኦ-360 25 ዲግሪ ናቸው፣ የናንተው ፕሌት ላይ ተጽፏል። ሲሊንደር ቁጥር ስትቆጥሩ ላይካሚንግ 1 የሚለው ፕሮፔለሩ ጋ ያለውን የቀኝ ነው፣ ኮንቲኔንታል 1 የሚለው ከኋላ ያለውን የቀኝ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረ ሰው ሁሉ አንዴ ይሳሳታል። ደሞ አደራ፣ ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፣ የሚጠፋውም ሽቦው ከመሬት ጋር ሲገናኝ ነው፣ ሽቦው ተነቅሎ ከሆነ "በርቷል" ማለት ነው፣ ፕሮፔለሩን በእጅ ትንሽ ስታዞሩት ሊነሳ ይችላል።

የመኪና እቃ ብጠቀምስ? ካንዴላ፣ ብሎን...

አይሆንም።

መጀመሪያ ሳስነሳው ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሳታስነሱት ዘይት አድርሱለት። ከየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካንዴላ አውጥታችሁ ማግኔቶውን አጥፍታችሁ በማስነሻው አዙሩት፣ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ። ሞተሩ አየር በግድ የሚመራበት መከለያው ሳይገጠም ወይም ለዚሁ የተሰራ ፕሮፔለር ሳይታሰርለት ረጅም ጊዜ መሬት ላይ እንዳታሰሩት፣ ይቃጠላል። ከተነሳ በ30 ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካላሳየ አጥፉ። ከዛ ለጥቂት ደቂቃ፣ አጥፍቶ መዞር፣ ዘይት የሚያለቅስበትን ማየት፣ ማቀዝቀዝ። እሳት ማጥፊያ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይቁም፣ ያ ሰው ደሞ ከፕሮፔለሩ መስመር ውጪ።

አዲስ ሞተር በቀስታ መላመድ አለበት፣ አይደል?

ይሄ የመኪና ወሬ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ተቃራኒው ነው። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ከላይ የሚመጣው የጋዝ ግፊት ነው፣ ጉልበት ካልሰጣችሁት ፋሻው በደንብ አይጫንም፣ ዘይት ግድግዳው ላይ ቀርቶ ይቃጠልና እንደ ቫርኒሽ ይለብሳል፣ ከዛ በኋላ ምንም ብታደርጉ ዘይት መጠጣቱን አያቆምም፣ መፍትሄው ሲሊንደሩን አውርዶ እንደገና ሆን ማድረግ ነው። ስለዚ መሬት ላይ አጭር፣ አየር ላይ በ75 ፐርሰንት አካባቢ ጉልበት፣ ንጹህ ሚነራል ዘይት፣ አፍንጫ ዝቅ አድርጎ አየር እንዲያገኝ። ቱርቦ ያለውና አንዳንድ ሞዴል ላይ የዘይቱ ምክር ይለያል። ላይካሚንግ የሲሊንደር ሙቀት ጣሪያው 500 ፋራናይት ነው ቢልም እኔ ከ400 ሲያልፍ ጉልበት ቀንሼ እመለሳለሁ። በ25 እና 50 ሰአት መሀል የዘይት አጠጣጡ ቀንሶ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ሙቀቱም ወረድ ሲል፣ ተላመደ ማለት ነው። ፊልተሩን ቶሎ ቶሎ ቅደዱት፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ይኖራል፣ በጥፍር የሚያዝ ቁራጭ ከሆነ ግን አትብረሩ።

ሮታክስ 912 የሚባለውን ሞተርስ ቤት ልፍታው?

ክራንክሻፍቱ ተጨምቆ የተገጣጠመ ስለሆነ ልዩ ማሽን ይፈልጋል፣ የተፈቀደለት ማእከል ጋ ላኩት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የእጅ ስራው በጥቂት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። የሚፈጀው መጠበቁ ነው፣ ክራንክሻፍቱ ሄዶ እስኪመጣ፣ ካምሻፍት እስኪገኝ፣ መካኒኩ እስኪመቸው። እኔ የመጀመሪያዬን ክረምት ላይ ጀምሬ በሚቀጥለው ክረምት ነው የጨረስኩት። በጠበቃችሁ ጊዜ የተፈታው ብረት ዘይት ተቀብቶ በላስቲክ ይታሸግ፣ የታጠበ ብረት ሌሊቱን ይዝጋል።

ሞተሩ አለቀ፣ አውሮፕላኑ ግን ገና አንድ አመት ይፈልጋል። ላስነሳው በየሳምንቱ?

እንዳታደርጉት። መሬት ላይ ለአስር ደቂቃ የሚነሳ ሞተር ዘይቱ ውሀውን የሚያተን ያህል አይሞቅም፣ ውሀው ውስጥ ይቀራል፣ ዝገት ታመርታላችሁ ማለት ነው። በጭራሽ ያልተነሳ ሞተር ይሻላል፦ ማቆያ ዘይት ሙሉለት፣ በየሲሊንደሩ ርጩበት፣ በካንዴላ ቦታ እርጥበት የሚመጥ ሰማያዊ ፍሬ ያለበት ፕለግ ግጠሙ፣ መግቢያና መውጫውን ሁሉ ዝጉ፣ ፕሮፔለሩ ላይ "አይዞርም" ብላችሁ ጽፋችሁ አንጠልጥሉ። ሲዞር ያን ሁሉ የቀባችሁትን ቅባት ከካሙ ላይ ይጠርገዋል። ፍሬው ሮዝ ከሆነ እርጥበት ጠግቧል፣ ቀይሩት።